ከለ ፒዊ እስከ ኮንክ፦ መንገድ ያሠራቸው ቤቶች

ሊዮን የሚኖር ሐበሻ ዘመድ ሲመጣበት የሚያደርገው ይታወቃል። ፉርቪዬር ኮረብታ ላይ አውጥቶ ፎቶ ያነሳዋል። ቤልኩር አደባባይን ያዞረዋል። በማግስቱ በባቡር ፓሪስ ወስዶ ኤፍልን ያሳየዋል። አለቀ። እኔም ብዙ ዓመት ፈረንሳይ ማለት ይኸው ነበር የሚመስለኝ። ሜትሮ፣ ሥራ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ሰልፍ፣ የቅዳሜ ገበያ። ገጠሩን የማየው በባቡር መስኮት ብቻ ነበር።

ገጠሩን እንዳይ የገፋፉኝ አንዲት አሮጊት ናቸው። የምሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። እሳቸው የተወለዱት ኦት ሏር በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ሶግ የምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። ጠዋት ሳለብሳቸው፣ ፀጉራቸውን ሳበጥር ስለ አገራቸው ያወሩኛል። ስለ ብርዱ፣ ስለ ላሞቹ፣ ሰው ስለበላው አውሬ። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ብርድና ላም አዲስ አይሆኑብኝም። አንድ ቀን «መቼ ነው ሄደሽ የምታይው?» አሉኝ። መኪና የለኝም ስላቸው ሳቁብኝ። «በመኪና ምን ይታያል? በእግርሽ ሂጂ እንጂ!»

መንገዱ ዤ ኤር 65 ይባላል። ለ ፒዊ ከምትባለው ከተማ ተነስቶ በስፔን ድንበር አጠገብ እስካለው ተራራ ግርጌ ድረስ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ጥንት ሰው በዚህ የሚጓዘው ስፔን ውስጥ ኮምፖስቴላ ለመድረስ ነበር። የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር እዚያ ነው ብለው ያምናሉ። እኔ የሄድኩት የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው፤ ከለ ፒዊ እስከ ኮንክ፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። እሱንም በየእረፍቴ እየቆራረጥኩ። ፈረንሳዮቹም ብዙዎቹ እንዲሁ ያደርጋሉ። ዘንድሮ ካቆሙበት ከርሞ ይቀጥላሉ። (ዓመቶቹን ሁሉ እዚህ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

መጥፋት ለሚፈራ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ምልክቱ ነጭና ቀይ ሰረዝ ነው፤ ነጩ ከላይ፣ ቀዩ ከታች። ዛፍ ላይ፣ አጥር ድንጋይ ላይ፣ የመብራት ምሰሶ ላይ ተቀብቶ ታገኙታላችሁ። መታጠፊያ ሲመጣ ከሥሩ ቀስት ይጨመርበታል። ሁለቱ ቀለሞች ተመሳቅለው ኤክስ ከሠሩ «በዚህ አይደለም፣ ተመለስ» ማለት ነው። የመጀመሪያው እንዲህ ያለ መንገድ ምልክት የተደረገለት በ1947 ኦርሌያን አካባቢ ነው። ዛሬ አገሩን ሁሉ እንደ መረብ ሸፍኖታል። ቀለሙን እየዞሩ የሚያድሱት የእግር ጉዞ ፌዴሬሽኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። መግቢያ የለው፣ ቲኬት የለው፣ ዘበኛ የለው። በገበሬ ማሳ መሃል ታልፋላችሁ፣ የከብት አጥር በር ከፍታችሁ መልሳችሁ ትዘጋላችሁ፣ ማንም ምንም አይላችሁም። መዝጋቱን ግን እንዳትረሱ።

ለ ፒዊ በሳንት ኤቲየን በኩል በባቡር ይደረስባታል። ከተማዋ የተሠራችው የሞተ እሳተ ገሞራ አገር ውስጥ ነው። ከቤቶቹ መሃል ጥቁር አለቶች ቀጥ ብለው ወጥተዋል። ድሮ በእሳተ ገሞራ ጉሮሮ ውስጥ የረጋ ቅልጥ ድንጋይ ነው፤ ዙሪያው በውኃ ታጥቦ ሲሄድ እሱ ብቻውን ቆሞ ቀረ። በአንደኛው ጫፍ ላይ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለ። አለቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። መወጣጫው 268 ደረጃ ነው፣ ቆጥረው ጽፈውታል። ደብረ ዳሞ ሴት አይወጣባትምና እኔ እዚህ ወጥቼ ካሣዬን ተቀበልኩ። ውስጡ ጠባብ ነው፣ የግድግዳው ሥዕል ደብዝዟል። አለቱ ቀጥ ያለ ስላልነበረ ወለሉም ዓምዶቹም እንደ አለቱ ቅርጽ ተጣመዋል። ደስ የሚለው እሱ ነው።

ሌላኛው አለት ላይ ልጇን የታቀፈች የእመቤታችን ሐውልት ቆማለች፤ ቀይ ናት፣ ቁመቷ 16 ሜትር። የተሠራችው ከመድፍ ነው። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ፣ በ1855፣ ፈረንሳዮቹ ሴባስቶፖል ላይ ከማረኩት 213 መድፍ አቅልጠው ሠሯት። በ1860 ተመረቀች። ይህን ሳነብ ቆሜ ሳቅሁ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ትልቁን መድፋቸውን አሠርተው ሴባስቶፖል ብለው ጠሩት። እዚህ ሴባስቶፖል ቀልጦ ማርያም ሆነ፣ እዚያ ነሐስ ቀልጦ ሴባስቶፖል ሆነ። አጠገቤ ለቆሙት ጀርመኖች ላስረዳ ሞከርኩ። ቴዎድሮስን ከየት ያውቁታል? ተውኩት።

ካቴድራሉ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ጠበቀኝ። ከለ ፒዊ ተነስቶ ኮምፖስቴላ በመሄድ ቀዳሚው የከተማዋ ጳጳስ ጎደስካልክ ነው። ከ950 ወደ 951 በሚገባው ክረምት ተጓዘ። ከፒሬኔ ተራሮች ማዶ ከመጡት ተሳላሚዎች ውስጥ በስም ከሚታወቁት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በመንገዱ ላይ አልቤልዳ በሚባል የስፔን ገዳም አረፈ። እዚያ ጎሜዝ የሚባል መነኩሴ አንድ መጽሐፍ ገልብጦ ሰጠው። የቶሌዶው ጳጳስ ኢልዴፎንሶ ስለ እመቤታችን ድንግልና የጻፈው ነው። ያ ቅጂ ዛሬም ፓሪስ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ኢልዴፎንሶ ማን እንደሆነ አላወቃችሁትም? ታውቁታላችሁ። ተአምረ ማርያም ሲነበብ መጀመሪያ የሚመጣው ደቅስዮስ ነው፤ እመቤታችን ልብስና ወንበር የሰጠችው ኤጲስ ቆጶስ። አጥኚዎች ደቅስዮስ የቶሌዶው ኢልዴፎንሶ ነው ይላሉ። የተአምራቱ ስብስብም ከምዕራብ አውሮፓ ተነስቶ በዐረብኛ በኩል ወደ ግዕዝ ገባ። ተአምሯ በየበዓሉ ይነበብ ብለው ያዘዙት ደግሞ አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት። እኔ በልጅነቴ ነጠላዬን ተከናንቤ ቆሜ ታሪኩን የሰማሁትን የደቅስዮስን መጽሐፍ ይሄ የለ ፒዊ ጳጳስ በበረዶ መሃል በበቅሎ ይሁን በእግር ተሸክሞት መጥቷል። ከዚያ በኋላ ይሄ መንገድ የፈረንጅ መንገድ ነው ማለት አቃተኝ።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ለመንገደኞች ቅዳሴ አለ። ሲያልቅ ሁሉም ከፊት ይሰበሰብና ከየት እንደመጣ ይናገራል፣ ይባረካል። ከዚያ በቤተ ክርስቲያኑ ወለል መሃል ያለው የብረት ፍርግርግ ይከፈታል። ከሥሩ ደረጃ አለ፤ በእሱ ወርዳችሁ በቀጥታ ከተማው መንገድ ላይ ትወጣላችሁ። በር ላይ አይደለም የምትወጡት፣ ከወለሉ ሥር ነው። ሻንጣ ያዘለ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲወርድ ጫማው ድንጋዩ ላይ ያንጓጓል።

ከመነሳቴ በፊት በነበረው ማታ ምስር በላሁ። ረቡዕ ስለነበር ደስ አለኝ። የለ ፒዊ አረንጓዴ ምስር ዝነኛ ነው፣ በሕግ የተጠበቀ ስም አለው። ሳይከካ በሽንኩርትና በካሮት ይቀቀላል። ከቋሊማ ጋር ነው የሚያቀርቡት፤ ያለ ቋሊማ ስል አስተናጋጁ አዘነልኝ። በርበሬ ቢኖረው ኖሮ ምንም አይወጣለትም ነበር።

ከለ ፒዊ ወደ ምዕራብ የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነው። ቀይ አፈር፣ ጥቁር ድንጋይ፣ የምስር ማሳ። ሳን ፕሪቫ ከምትባለው መንደር በኋላ ግን አልዬ የሚባለው ወንዝ ሸለቆ ይመጣል። ሮሽጉድ ከሚባለው ገደል ጫፍ፣ ከፈረሰ ግንብና ከአንዲት ሚጢጢ ጸሎት ቤት አጠገብ ቁልቁል ሲታይ ጉልበት ይርዳል። መውረድ ነው፣ ከዚያ መውጣት ነው። ታች ሞኒስትሮል የምትባለው መንደር ያለው የብረት ድልድይ የኤፍል ኩባንያ ሥራ ነው። ኤፍልን ለማየት ፓሪስ መሄድ አያስፈልግም ማለት ነው። ድልድዩን አልፋችሁ ዳገቱን ስትጀምሩ የማግዳሌና ጸሎት ቤት አለች። ዋሻ ውስጥ ናት። የጥቁር ድንጋዩን ዋሻ አፍ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ግንብ ሠርተው በር አበጁለት። ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው አይደነግጥም፤ ግን ሐሳቡ አንድ ነው፤ ድንጋዩ ራሱ ጣሪያ ሆኖ ሳለ ለምን ጣሪያ ይሠራል?

ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ያንን ዳገት ስወጣ አንድ ነገር ገባኝ። እነዚህን ቦታዎች በፎቶ ያየ ሰው ለምን እዚያ እንደቆሙ አይገባውም። በእግሩ የመጣ ሰው ግን ይገባዋል። ጸሎት ቤቱ ያለው ሰው ከወንዙ ወጥቶ የሚደክምበት ቦታ ላይ ነው። ምንጩ ያለው ውኃ የሚያልቅበት ቦታ ላይ። ማደሪያው ያለው ፀሐይ የምትጠልቅበት ቦታ ላይ። መንገዱ ነው ያሠራቸው። በመኪና የመጣ ሰው አይቶ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፤ ጥያቄውም አይመጣበትም።

ሶግ የአሮጊቷ አገር ናት። እዚህ ስለ አውሬው ሳይወራ ምሳ አይበላም። የዤቮዳን አውሬ ይሉታል። ከ1764 እስከ 1767 በዚህ ተራራ ላይ መቶ ያህል ሰው በልቷል። አብዛኞቹ ሴቶችና ከብት የሚጠብቁ ልጆች ነበሩ። ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ወታደር ላከ፣ አልሆነም። የራሱን ጠመንጃ ያዥ ላከ። እሱ በ1765 አንድ ትልቅ ተኩላ ገደለና «አለቀ» ተባለ፣ ሽልማቱን ተቀበለ። ብዙም ሳይቆይ ግድያው ቀጠለ። ቤተ መንግሥቱ ግን «አለቀ» ብሎ ነበርና መስማት አልፈለገም። መጨረሻ ላይ ዣን ሻስቴል የሚባል የአካባቢው ሰው በሰኔ 1767 አንድ አውሬ ተኩሶ ጣለ። ከዚያ በኋላ ቆመ። ተኩላ ነበር፣ ድቅል ነበር፣ ሌላ ነበር፣ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሶግ ውስጥ ስለ እሱ ብቻ የተሠራ ሙዚየም አለ፤ በምስልና በድምፅ ያስፈራራል።

ለእኔ የሚገርሙኝ ልጆቹ ናቸው። በጥር 1765 አንድ ዣክ ፖርትፌ የሚባል የ12 ዓመት ገደማ ልጅ እረኛ ጓደኞቹን አሰልፎ፣ ዱላ ጫፍ ላይ በታሰረ ስለት አውሬውን ገፍተው ከአፉ ልጅ አስጥለዋል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ማሪ ዣን ቫሌ የምትባል ወጣት ደረቱን በጦር ወጋችው። እኛ ቤት ጅብ ሲመጣ እንዴት እንደሚኮን ለሚያውቅ ሰው ይሄ ተረት አይደለም። ተመልሼ ሙዚየሙን አየሁት ስላቸው አሮጊቷ ተናደዱ። «እሱ ለቱሪስት ነው። የእኔ አያት በማታ ውኃ ለመቅዳት ብቻዋን አትወጣም ነበር።» ከአውሬው ሞት በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ መሆኑ ነው።

ከሶግ በኋላ ማርዠሪድ የሚባለው የግራናይት ተራራ አለ። ጥድ፣ ድንጋይ፣ ነፋስ። ለ ሶቫዥ የሚባል ትልቅ የድንጋይ እርሻ ቤት አለ፤ በመካከለኛው ዘመን የለ ፒዊ ሆስፒታል ንብረት ነበር፤ ዛሬም መንገደኛ ያሳድራል። ግድግዳው ውፍረቱ አንድ ሜትር ያልፋል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ስለ ማደሪያው ልናገር። ዢት ይሉታል። አልጋው ተደራራቢ ነው፣ ክፍሉ የጋራ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ሻንጣም ብዙ ቦታ ወደ መኝታ አይገባም፤ ትኋን ይፈራሉ። እራት ማታ 1 ሰዓት ላይ በረጅም ጠረጴዛ ነው። ሾርባ፣ ዋና ምግብ፣ አይብ፣ ጣፋጭ። ሳይደውሉ መሄድ አያዋጣም፣ በተለይ በግንቦትና በመስከረም ይሞላል። ጠረጴዛው ላይ «ከየት ነሽ?» መባሉ አይቀርም። ከሊዮን ስል «አይ፣ መጀመሪያ ከየት?» ይላሉ። ሊዮን ውስጥ ቢሆን ያናድደኛል። እዚህ ግን ለሁሉም ነው የሚጠየቀው፤ የብሪታኒውም ሰው፣ የቤልጂጉም ሰው ይጠየቃል። መንገድ ላይ ደግሞ ሰላም ሳይል የሚያልፍ የለም። ሊዮን ላይ ሊፍት ውስጥ አብረውኝ ወርደው ቦንዡር የማይሉኝ ዓይነት ሰዎች እዚህ ከሃምሳ ሜትር ጀምረው ይጣራሉ።

ሳንት አልባን ላይ ብዙ ሰው አይቆምም። ገብቶ፣ ዳቦ ገዝቶ፣ ይሄዳል። እኔ ግማሽ ቀን ቆየሁ፤ በሥራዬ ምክንያት ነው። እዚህ ቀይ ድንጋይ ግንብ ያለው የመሳፍንት ቤት በ1821 የአእምሮ ሕሙማን ማኖሪያ ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ፈረንሳይን ስትይዝ በአገሩ የአእምሮ ሆስፒታሎች ውስጥ ከ40,000 በላይ ሕሙማን በረሃብና በበሽታ ሞቱ። ራሽኑ አይበቃም፣ በሩ ተቆልፏል፣ የሚጠይቃቸው የለም። ሳንት አልባን ግን በሩን ከፈተ። ነርሶቹ፣ መነኮሳቱና ሕሙማኑ አብረው ወጡ። ገበሬው ማሳ ላይ ሠርተው ድንችና ቅቤ ይዘው ተመለሱ። ጫካ ገብተው እንጉዳይ ለቀሙ። በረሃብ አላለቁም።

ይህን ካስተባበሩት አንዱ ፍራንሷ ቶስኬል ነው። ካታላን ነው፣ ከስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሸሽቶ ስደተኞች ካምፕ ውስጥ የነበረ ሐኪም። በ1940 መጣ። ስደተኛ ነው፣ ፈረንሳይኛው በካታላን ቅላጼ የተሞላ ነው፣ ዲግሪውም አልታወቀለትም ነበር። እንደገና ከሥር ጀምሮ ተማረ። ይሄን የሚያነብ ስንት ሐበሻ ታሪኩ ይሄው ነው? የሱ ሐሳብ፣ በቀላሉ ስናገረው፣ መጀመሪያ መታከም ያለበት ሆስፒታሉ ራሱ ነው የሚል ነው። አጥሩን አነሱት፤ ሕሙማኑ ራሳቸው ጋዜጣ፣ ክበብና ካፌ መሩ። ገጣሚው ፖል ኤሉዋር ከጀርመኖች ሲሸሽ በ1943 እዚህ ተደብቋል። ቅኝ አገዛዝን በመቃወም የጻፈው ሐኪም ፍራንዝ ፋኖንም ወደ አልጄሪያ ከመሄዱ በፊት እዚህ ከቶስኬል ጋር ሠርቷል።

ይሄን ሁሉ ያደረገው ብዙ ሰው የማይቆምበት፣ ተራራ ላይ ያለ መንደር ነው። ሰው መቆለፍ ለሠራተኛ እንዴት ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ። ምሽት ላይ ሁለት ሠራተኛ ለብዙ ሰው ሲቀር፣ የበሩን ኮድ ማብራት ከሁሉም ይቀላል። ስለዚህ ግንቡ አጠገብ ተቀምጬ ዳቦዬን ስበላ ከካቴድራሉም ከአውሬውም የበለጠ ያሰብኩት ይሄንን ነው። ለአለቃዬ የተነሳሁትን ፎቶ ላኩላት። «ቆንጆ ግንብ ነው» ብላ መለሰች።

ቀጥሎ ኦብራክ ነው። እዚህ ቀስ ብላችሁ ሂዱ።

ኦብራክ አምባ ነው። ከፍታው ከ1,000 ሜትር ያልፋል፣ ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። ሣር፣ የተደረደረ ድንጋይ አጥር፣ ሰማይ። መንዝን የሚያውቅ ሰው ዓይኑን ያሻል። ላሞቹ የስንዴ ቀለም ያላቸው፣ ዓይናቸው የተኳለ ነው። በግንቦት መጨረሻ ከቆላው ወደ አምባው ሲወጡ በአበባና በቃጭል ያስጌጧቸዋል። እኔ ከዚያ ጥቂት ቀን ቆይቼ ነው የደረስኩት። ሜዳው በነጭ ናርሲስ አበባ ሞልቶ ነበር። ጥጃ ያላት ላም መንገድ ላይ ከተኛች ዞራችሁ እለፉ፤ ውሻ የያዘ ሰው በተለይ።

ከናስቢናል ወደ ሳን ሼሊ ያለው 17 ኪሎ ሜትር ራሱን ችሎ በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በመሃሉ ኦብራክ የምትባለው መንደር አለች፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ግንብና ጥቂት ቤት። በ1120 ገደማ አዳላር የሚባል የፍላንደርስ መኳንንት የመንገደኛ ማደሪያ አሠራ። በዚህ አምባ ላይ ጭጋግ፣ በረዶ፣ ወንበዴና ተኩላ ነበር። መነኮሳት፣ ሐኪም፣ መንገደኛ የሚያጅቡ ባላባቶች አብረው ይኖሩ ነበር። ጭጋግ ሲወርድ ደወል ይደወላል። የጠፉት ደወል ይሉታል፤ ደወሉ ላይ በላቲን ከተጻፈው ውስጥ «የጠፉትን መልስ» የሚል አለበት።

እኔ የደረስኩት በጭጋግ ነው። ከፊቴ ያለው የአጥር እንጨት እስኪጠፋኝ። ቀይና ነጭ ምልክቱ ዛፍ ስለሌለ ድንጋይና እንጨት ላይ ብቻ ነው። ያኔ ደወል ለምን እንዳስፈለገ ማንም አላስረዳኝም። አያስፈልግም ነበር።

አምባው ላይ ቡሮን የሚባሉ የድንጋይ ጎጆዎች ተበታትነዋል። ድሮ እረኞች በጋውን እዚያ አድረው አይብ ይሠሩባቸው ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ ፈርሰዋል፤ ጥቂቶቹ ምግብ ቤት ሆነዋል። አሊጎ የሚባለውን እዚያ ብሉ። ድንች ተፈጭቶ ከትኩስ አይብና ከነጭ ሽንኩርት ጋር እንደ ገንፎ ይማሰላል። በማንኪያ ሲነሳ አንድ ሜትር ይሳባል፤ ወንዶቹ ለመታየት ወንበር ላይ ቆመው ይስቡታል። ረቡዕና ዓርብን ጠብቃችሁ አትድረሱ።

ይሄ አገር ድሃ ነበር። ልጆቹ ተሰደዱ። ወደ ፓሪስ ወርደው መጀመሪያ ውኃና ከሰል ተሸከሙ፣ ከዚያ ከሰሉ አጠገብ ወይን መሸጥ ጀመሩ፣ ከዚያ ካፌ ከፈቱ። የፓሪስ ካፌ የሚባለው ነገር ትልቅ ክፍሉ አቬሮን ከሚባለው ከዚህ ክፍለ ሀገር የሄዱት የእነዚህ ስደተኞች ሥራ ነው። በዚህ አካባቢ ላዮል በምትባል ከተማ የሚሠራው ጩቤ ላይ የጠርሙስ መክፈቻ የተጨመረውም በ1880 ለእነሱ ነው ይባላል። አንድ የዢት ባለቤት «አያቴ ፓሪስ ሲደርስ ፈረንሳይኛ አይችልም ነበር፣ ኦክሲታን የሚባለውን የደቡቡን ቋንቋ ነበር የሚናገረው፣ ይስቁበት ነበር» አለኝ። እኔም ስለ መጀመሪያ ዓመቴ ነገርኩት። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ከሁሉም የተግባባሁት ከሱ ጋር ነው።

ከአምባው ወደ ሎት ወንዝ መውረድ ነው። አየሩ ይሞቃል፣ ዋልኑትና ወይን ይታያል። ሳን ኮም ጣሪያዋ እንደተጠመዘዘ ልብስ የዞረ ቤተ ክርስቲያን አላት። ኤስፓልዮን ሮዝ ድንጋይ ድልድይ አላት። ኤስታን ግንብ አላት፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዢስካር ዴስታን በ2005 ከቤተሰቡ ጋር ገዝቷታል። ሦስቱም ያምራሉ። ብዙ የምላቸው የለኝም።

ኮንክ ግን ሌላ ነች። ከላይ፣ ከጫካ፣ በድንጋያማ ቁልቁለት ነው የሚደረሰው። መንደሩ ገደል ላይ ተለጥፏል። ትንሽ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግን ለሱ ልክ አይደለም፣ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው። ለምን? መልሱ ሌብነት ነው።

ፍዋ የምትባል የ12 ዓመት ገደማ ልጅ በአዣን ከተማ በ303 አካባቢ በእሳት ተሠዋች። የዲዮቅልጥያኖስ ዘመን ነው፤ ያንን ዘመን ስንክሳር የሚያነብ ሰው በደንብ ያውቀዋል። አጽሟ አዣን ነበር። ኮንክ ገዳም ግን ቅዱስ አጽም አልነበረውም፤ አጽም ከሌለ ተሳላሚ የለም፣ ተሳላሚ ከሌለ እንጀራ የለም። ስለዚህ አሪቪስኩስ የሚባል መነኩሴ አዣን ሄደ። ታሪኩ እንደሚለው አሥር ዓመት እዚያ ኖሮ፣ ታምኖ፣ የአጽሙ ጠባቂ ሆነ። በ866 ሰርቆት ወደ ኮንክ መጣ። እነሱ ስርቆት አይሉትም፤ ቅድስቲቱ ራሷ ፈልጋ ነው ይላሉ። አዣኖች ምን እንደሚሉ መገመት አያቅትም።

መንገዱም ወደሷ ታጠፈ። እስረኛ ታስፈታለች ተባለ። የተፈቱት ሰንሰለታቸውን አምጥተው ሰቀሉ። ወርቅ የለበሰው ምስሏ ዛሬም ግምጃ ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። ዓይኑ ትልቅ፣ ፍጥጥ ያለ ነው፤ ራሱ ከሮማውያን ዘመን መጨረሻ የተረፈ የሌላ ሰው ምስል ነው። ሰው የሰጠው ጌጥ ሁሉ ተለጥፎበታል። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ መንግሥት ወርቁን ሊወስድ ሲል የመንደሩ ሰው በየቤቱ ደበቀው። ሲረጋጋ መልሰው አመጡት።

ከበሩ በላይ ያለው የፍርድ ቀን ቅርጽ 124 ምስል አለው። ከክርስቶስ በቀኝ ጻድቃን በሥርዓት ተሰልፈዋል፤ እውነት ለመናገር አሰልቺ ናቸው። በግራ ሲኦል ነው፣ ቀራጩ ደስ ብሎት የሠራው። ባላባት ከፈረሱ ላይ በጭንቅላቱ ይወድቃል። ስስታሙ ከረጢቱ አንገቱ ላይ ታስሮ ተሰቅሏል። ቅዱስ ሚካኤል ነፍስ ሲመዝን ሰይጣኑ በጣቱ ሚዛኑን ይጫናል። አዳኙን ሰው ጥንቸል በእንጨት ሰክቶ ይጠብሰዋል። ከቅስቱ ጠርዝ ላይ ደግሞ ትናንሽ ፊቶች ጨርቁን በጣታቸው ይዘው ወደ ውስጥ ያሾልቃሉ። ማን እንደሆኑ ሳይሆን ምን እያደረጉ እንደሆነ ነው የሚታየው፤ ጎረቤት ቤት ምን እንደተፈጠረ ማየት ነው። ማታ አንድ መነኩሴ ወጥቶ ሁሉንም ያስረዳል፣ ቀልድ ያውቃል። አልፋችሁ አትተኙ።

ይሄ ሁሉ ሊፈርስ ነበር። በ1837 የቅርሶች ተቆጣጣሪው ፕሮስፔር ሜሪሜ መጥቶ አይቶ፣ ይዳን ብሎ ጻፈ። በ1994 ደግሞ የሮዴዝ ተወላጁ ሠዓሊ ፒዬር ሱላዥ 104 መስኮቶቹን አዲስ ሠራቸው። ሥዕል የለባቸውም፣ ቀለምም የለባቸውም፤ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ወፍራም ነጭ መስታወትና ጥቁር መስመር ነው። መጀመሪያ ሰው አልወደደውም ነበር። እኔም መጀመሪያ በላስቲክ የተሸፈነ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ግን ሰማያዊ፣ ማታ ብርቱካንማ ይሆናል። ሁለቱንም ሰዓት ሂዱ።

ከኮንክ መንገዱ ድልድዩን ተሻግሮ ቀጥ ያለ ዳገት ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ፊጃክ። ፊጃክ የግብፅን ጥንታዊ ጽሑፍ የፈታው ሻምፖልዮን የተወለደበት ከተማ ነው፤ ቅብጥኛን የተማረው ሰውዬ ግዕዝም አጥንቶ ነበር። ለሚያዝያ እረፍት ጠይቄያለሁ። አሮጊቷ ፊጃክን አይወዱም፣ «ቆላ ነው» ይላሉ። አብሮኝ የሚሄድ ካለ ይጻፍልኝ፤ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው፣ ጎህ ሳይቀድ የሚነሳ ሰው አልፈልግም።